የዘመድ ፍቅርና የሕዝብ አደራ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



«ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ከአመዱ» የሚል የቆየ ምሳሌ አለን። ምሳሌው እውነትነት አለው። ሰው በተቸገረ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ዘመዱን ነው፤ ሲታመም የሚያስታምመው፥ ሲሞትም የሚቀብረው ዘመዱ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ዘመዱን ወደደ፥ ለዘመዱም አሰበ ተብሎ አይነቀፍም። ነገር ግን ያው ሰው የሕዝብን አደራ ተቀብሎ፥ ደመወዙ ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈለውን ሥራ ለማደል ሥልጣን በተሰጠው ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። በቤቱ ውስጥ ደግነት ይባል የነበረው አሳብ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አድልዎ ይሆናል። ፍቅሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ነው።

ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው አርእስት ይኸው ነው፤ ይኸውም በትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ የዘመድ አድልዎ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ እንዴት ተደርጎ እንደሚሠራ ለመግለጽ ነው። ለምሳሌነትም የመረጥነው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ የሚገኘውን የቴክሳስን ግዛት ነው። ይህንንም የመረጥንበት ምክንያት የቴክሳስ ሕግ «አድልዎ መጥፎ ነው» ብሎ በመምከር ብቻ ስለማያበቃ ነው። ዘመድ የሚባለው ማን እንደ ሆነ በቍጥር ይወስናል፤ ማን ማንን መቅጠር እንደማይችል ለይቶ ያስታውቃል፤ ሕጉን ለተላለፈም ቅጣቱን ይናገራል። በንግግራችን ውስጥ ስለ ውጭ አገር ስናነሣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። የዘመድ አድልዎ በአውሮፓ ቋንቋዎች «ኔፖቲዝም» ይባላል። ቃሉ የመጣው «ኔፖስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፥ ትርጕሙም የልጅ ልጅ ወይም የወንድምና የእኅት ልጅ ማለት ነው። በጥንት ዘመን የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት የወንድሞቻቸውንና የእኅቶቻቸውን ልጆች ካርዲናል እያደረጉ ይሾሙ ስለ ነበር፥ ልማዱ በእነዚሁ ልጆች ስም ተጠራ። ይህም ልማድ ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ በ1692 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ኢኖሰንት 12ኛ ባወጡት ትእዛዝ ተከለከለ። እንግዲህ ነገሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ ዘመን በሽታ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ቅዱስ በሚባለው ቦታ እንኳ ገብቶ ነበርና።

አሁን ወደ ቴክሳስ እንመለስ። በዚያ ግዛት ከ5 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። ትምህርት ቤቶቹ የሚተዳደሩት ከ1,000 በላይ በሆኑ የትምህርት ወረዳዎች ነው። እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ ሕዝቡ በድምፁ የሚመርጠው የባለአደራዎች ቦርድ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቦርዱ አባሎች ቍጥር 7 ነው። እነዚህ ባለአደራዎች ለሥራቸው ደመወዝ አይቀበሉም። ይሁን እንጂ ቦርዱ ግብር ይጥላል፥ በጀት ያጸድቃል፥ የወረዳውን የትምህርት ሥራ በጠቅላላ የሚመራውንም ሹም ይቀጥራል። ይህ ሹም «ሱፐርኢንቴንደንት» ይባላል። በትንንሽ ከተሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ወረዳው የሚበልጥ ቀጣሪ አይገኝም። መምህሩ፥ ጸሐፊዋ፥ ወጥ ሠሪዋ፥ ዘበኛው፥ የአውቶቡስ ነጂው ሁሉ እንጀራቸው ከዚያው ነው። ስለዚህ በቦርዱ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ምንም ደመወዝ ባይኖረው፥ በእጁ ያለው ነገር ቀላል አይደለም።

ቴክሳስ የዘመድ አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ በመጀመሪያ ያወጣችው በ1907 ዓ.ም. ነው። የሕጉ ፍሬ ነገር አጭር ነው። አንድ የሕዝብ ሹም የራሱን የቅርብ ዘመድ፥ ወይም እርሱ አባል በሆነበት ቦርድ ውስጥ የሚገኝ የሌላውን አባል የቅርብ ዘመድ፥ ከሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ በሚከፈልበት ሥራ ላይ ሊሾም፥ ሊቀጥር ወይም ለመቀጠሩ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። ገንዘቡ በቀጥታ ቢከፈል ወይም በሌላ በኩል ዞሮ ቢመጣ ልዩነት የለውም።

«የቅርብ ዘመድ» ማለት ማን ነው? ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሕጉ በሥጋ ዝምድና እስከ 3ኛ ደረጃ፥ በጋብቻ ዝምድና ደግሞ እስከ 2ኛ ደረጃ ድረስ ይከለክላል። በእኛ አገር ሽማግሌዎች ለጋብቻ ዝምድናን በሚመረምሩበት ጊዜ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራሉ። የእነርሱ ቈጠራ ከሰውየው ተነሥቶ ወደ ጋራው ቅድመ አያት መውጣት ነው። የቴክሳስ ሕግ ግን መውጣቱንም መውረዱንም ይቈጥራል። ከአንዱ ሰው ተነሥቶ የሁለቱ መገናኛ እስከሆነው አያት ድረስ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ሌላው ሰው ይወርዳል፤ የወጣበትንና የወረደበትን ደረጃ ይደምራል።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ከልጅ ወደ አባት አንድ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ አባት፥ እናትና ልጅ 1ኛ ደረጃ ናቸው። ከእኔ ወደ አባቴ አንድ፥ ከአባቴ ወደ ወንድሜ አንድ፥ ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ ወንድምና እኅት 2ኛ ደረጃ ናቸው። አያትና የልጅ ልጅም እንዲሁ 2ኛ ደረጃ ናቸው። ከእኔ ወደ አያቴ ሁለት፥ ከአያቴ ወደ አጎቴ አንድ፥ ሦስት ይሆናል፤ ስለዚህ አጎትና አክስት፥ የወንድምና የእኅት ልጅ፥ ቅድመ አያትም 3ኛ ደረጃ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የተከለከለ ነው። የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ ግን ሁለት ወጥቶ ሁለት ስለሚወረድ 4ኛ ደረጃ ይሆናሉ፤ ሕጉም አይነካቸውም። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ እንደ ወለዱት ልጅ ይቈጠራል።

በጋብቻ በኩል ደግሞ ባልና ሚስት 1ኛ ደረጃ ናቸው። የሚስት አባትና እናት፥ የልጅ ባልና የልጅ ሚስት 1ኛ ደረጃ ሲሆኑ፥ የሚስት ወንድምና እኅት፥ የሚስት አያቶችም 2ኛ ደረጃ ናቸው። ጋብቻው በፍች ወይም በሞት ቢፈርስ ዝምድናውም አብሮ ይቀራል። ነገር ግን ከጋብቻው የተወለደ ልጅ በሕይወት ካለ ዝምድናው እንዳለ ይቈጠራል፤ ልጁ የሁለቱን ቤት አንድ አድርጎ ይዞታልና። በትምህርት ቦርድ አባሎችና በትምህርት ወረዳ ሹሞች ላይ ግን ሕጉ ለዚህ ልክ አበጅቶለታል፤ የመጨረሻው ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው የፈረሰው ጋብቻ ዝምድና በሕግ ፊት ያበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እንመልከት። አንድ የቦርድ አባል «የወንድሜ ልጅ ለመምህርነት አመልክታለች፤ ስለዚህ በእርስዋ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም፤ ሌሎቹ ስድስት አባሎች ይወስኑ፤ እኔ ከአዳራሹ እወጣለሁ» ቢል ይበቃልን? ለጊዜው ሲሰሙት የቅን ሰው ንግግር ይመስላል። ሕጉ ግን አይበቃም ይላል። ምክንያቱም ስድስቱ ባልንጀሮቹ ነገ ለገዛ ጉዳያቸው የእርሱን ድምፅ እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። ሰውየው ከአዳራሹ ቢወጣም ወንበሩ በዚያው ነው። ስለዚህ ዘመዱ በቦርዱ እስካለ ድረስ ልጅቱ በዚያ ወረዳ ልትቀጠር አትችልም። በጎረቤት ወረዳ ግን ማንም አይከለክላትም።

ከዚህም ጋር ሕጉ አንድ ሌላ በር ዘግቷል። ሁለት ሹማምንት ተነጋግረው «አንተ የእኔን ልጅ ቅጠርልኝ፥ እኔም የአንተን ልጅ እቀጥርልሃለሁ» ቢባባሉ፥ ይህ ዓይነቱ ልውውጥ በግልጽ የተከለከለ ነው። ሕግ አውጪዎቹ የሰውን ብልሃት ያውቁ ኖሯል።

እንግዲህ አስቀድሞ በሥራ ላይ ያለ ሰውስ? አንዲት መምህርት ብዙ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምራለች እንበል። ወንድምዋ በምርጫ ተወዳድሮ የቦርድ አባል ቢሆን እርስዋ ከሥራዋ ትባረራለችን? አትባረርም። ሕጉ ለዚህ ፍትሓዊ መንገድ አበጅቷል። ወንድምዋ ከመመረጡ አስቀድሞ ሳታቋርጥ በዚያው ሥራ ላይ የቈየች ከሆነ በሥራዋ ትቀጥላለች። የሚፈለገውም ጊዜ ሹሙ የመጣው በሹመት ከሆነ 30 ቀን፥ እንደ ብዙዎቹ የትምህርት ቦርድ ምርጫዎች በልዩ ቀን የተመረጠ ከሆነ 6 ወር፥ የግዛቱና የአውራጃው ሹማምንት በሚመረጡበት በጠቅላላው ምርጫ የተመረጠ ከሆነ ደግሞ 1 ዓመት ነው። ጊዜው የተወሰነበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰዎች ምርጫው ሊደርስ ሲል ዘመዶቻቸውን ቸኵለው እንዳያስገቡ ነው።

ይሁን እንጂ ወንድምዋ በእርስዋ ብቻ ላይ በሚደረግ ማናቸውም ምክር አይገባም። የደመወዝዋ ጭማሪ፥ የሥራዋ ለውጥ፥ የመባረርዋም ነገር በተነሣ ጊዜ አይናገርም፥ ድምፅም አይሰጥም። የመምህራን ሁሉ ደመወዝ በአንድነት ይጨመር የሚል አሳብ ከቀረበ ግን እንደ ማንኛውም አባል ይመክራል፥ ይወስናል፤ ጭማሪው የሁሉ ነውና።

ሕጉ በአንዳንድ ነገር የላላ ነው። መምህር ቢታመም ወይም ቢቀር በእርሱ ፈንታ ለጊዜው የሚያስተምር ተተኪ መምህር ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። የሕዝባቸው ቍጥር ከ35,000 በታች በሆኑ አውራጃዎች ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ የባለአደራ ዘመድ ቢሆን አይከለከልም። በገጠር ቀበሌ ማለዳ ተነሥቶ ልጆችን ከየቤታቸው የሚሰበስብ ሰው ማግኘት ችግር በመሆኑ፥ ሕጉ ከችግሩ ጋር ተስማማ። ያለ ደመወዝ በበጎ ፈቃዱ የሚረዳም ሰው በሕጉ አይያዝም፤ ሕጉ የሚጠብቀው የሕዝቡን ገንዘብ ነውና።

ቦርዱ ሠራተኞችን የመቅጠሩን የመጨረሻ ሥልጣን ለሱፐርኢንቴንደንቱ የሰጠው እንደ ሆነ፥ እርሱም በዚያ ሥልጣን ለሚያደርገው ውሳኔ እንደ ሕዝብ ሹም ተቈጥሮ በሕጉ ይያዛል፤ የገዛ ዘመዶቹን ሊቀጥር አይችልም። በዚህም ረገድ ለአነስተኛ አውራጃዎች የተለየ አስተያየት ተደርጓል። ነገር ግን ቦርዱ ሥልጣኑን ለሌላ ሰው ስለ ሰጠ የቦርዱ አባሎች ከሕጉ ነጻ አይወጡም። «ቀጣሪው እኔ አይደለሁም፥ ሹሙ ነው» የሚል ምክንያት አይሰማላቸውም።

ቅጣቱስ ምንድን ነው? ሕጉን የተላለፈ ሹም ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ድረስ መቀጮ ይከፍላል፤ ከሥልጣኑም ይሻራል። ከዚህም በላይ ሳይገባው ለተቀጠረው ሰው ደመወዝ እንዲከፈል የሚፈቅድ ሹም ራሱ ሕግ ተላላፊ ይሆናል። «እንግዲያውስ ዘመዴ እንዲቀጠር እኔ ሥልጣኔን እለቅቃለሁ» የሚልም ሰው ወዲያው አይሳካለትም። በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሥልጣኑን የለቀቀ ሹም በእግሩ የሚተካው ሰው ተመርጦ እስኪምል ድረስ በሥራው ላይ እንዳለ ይቈጠራል። ስለዚህ ዘመዱ እስከዚያ ድረስ መጠበቅ አለበት።

ሌሎች ግዛቶች በሌላ መንገድ ሄደዋል። የኬንታኪ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ዓ.ም. የግዛቱ ትምህርት ቤቶች አመራር በሙሉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ ነው ብሎ ስለ ፈረደ፥ በ1990 ዓ.ም. ሰፊ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ወጣ። በዚህም ሕግ ውስጥ የዘመድ አድልዎን የሚከለክል ክፍል ተጨመረ። በኬንታኪ ሕግ የቅርብ ዘመዱ በወረዳው ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው፥ በመሠረቱ፥ በዚያ ወረዳ የትምህርት ቦርድ አባል ሊሆን አይችልም። በዚህ ቅር ያላቸው ሰዎች ክስ አቅርበው ነበር፤ ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸናው። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። ቴክሳስ በቦርዱ ወንበር ምክንያት የዘመዱን በር ስትዘጋ፥ ኬንታኪ በዘመዱ ሥራ ምክንያት የወንበሩን በር ዘጋች። ሁለቱም የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ አደላዳዩና ተቀባዩ በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ነው።

በዚህ ሕግ ላይ የሚነሣ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ፤ ልንሸሽገውም አይገባም። ይኸውም ሕጉ ሰነፉን ብቻ ሳይሆን ጐበዙንም ይከለክላል የሚል ነው። የባለአደራው ልጅ በወረዳው ካመለከቱት ሁሉ የሚበልጥ የሒሳብ መምህር ሊሆን ይችላል። እርሱ ባለመቀጠሩ የሚጐዱት ተማሪዎቹ ናቸው። ይህ እውነት ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር ስለሚዛመድ ጕዳቱ ይበልጥ ይሰማል።

ለዚህ መልስ ይሆነን ዘንድ በራሴ የደረሰውን ነገር ልናገር። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ፈጸምሁ፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ መሥሪያ ቤት ለጽሕፈት ሥራ ተፈተንሁ። ለአንድ ቦታ ሦስት ሰዎች ነበርን። የተቀጠረው ልጅ የኀላፊው የእኅት ልጅ ሆኖ ተገኘ። እኔ ተበሳጨሁ፤ እናቴም «ልጄ፥ ዘመድ የለህ ምን ታደርገዋለህ» አለችኝ። ከጊዜ በኋላ ከዚያ ልጅ ጋር ተዋወቅን። ጽሕፈቱ የጠራ፥ ጠባዩ የታረመ፥ ሥራውን ወዳድ ሰው ነው። ምናልባት በፈተናው በልጦኝ ይሆናል። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ፥ «አምስት ዓመት ሠራሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን ስሜ የእገሌ የእኅት ልጅ ነው፤ ብሠራም በአጎቱ ነው ይሉኛል፥ ባጠፋም በአጎቱ ነው ይሉኛል» አለኝ። እኔ መሸነፌ በእውነት እንደ ሆነ አላወቅሁም፤ እርሱም ማሸነፉ በእውነት እንደ ሆነ ሊያስረዳ አልቻለም። የዘመድ አድልዎ የሚሰርቀው የተሸናፊውን ዕድል ብቻ ሳይሆን፥ የአሸናፊውንም ክብር ነው። ሕጉ ጐበዙን ዘመድ ወደ ጎረቤት ወረዳ ቢሰድደው፥ በዚያ በሚያገኘው ሥራ ማንም በአጎቱ ነው አይለውም። ይህም ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን ሕግ ሁሉን ነገር ሊያደርግ እንደማይችል ማወቅ ይገባል። የቴክሳስ ሕግ እስከ 3ኛ ደረጃ ድረስ ይቈጥራል፤ የአበልጅን፥ የአብሮ አደግን፥ የማኅበር ጓደኛን ፍቅር ግን የሚቈጥር ደረጃ የለም። እነዚህን የሚከለክላቸው ሥራው በይፋ ማስታወቂያ ሲወጣ፥ ፈተናው አንድ ዓይነት ሲሆን፥ ውጤቱም በግልጽ ሲታወቅ ነው። ከዚያ የቀረው የሰው ኅሊና ነው።

በዳላስና በሂውስተን ከተሞችና በአካባቢያቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል በትምህርት ቤት ሥራ ለመያዝ የሚያስቡ ወይም በትምህርት ቦርድ ለመመረጥ የሚመኙ ቢኖሩ፥ ይህን ቈጠራ አስቀድመው ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል። በእኛ አገር የአጎት ልጅ እንደ ወንድም ስለሚታይ፥ የሚከለከል የሚመስለው ሰው የማይከለከልበት ጊዜ አለ፤ እንዲሁም ቀላል የሚመስለው የሚስት ወንድም የሚከለከል ሆኖ ይገኛል።

በአገራችንም ቢሆን አሳቡ አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ ማዕከል የሚመራ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ቅጥርና እድገት በችሎታ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች ይህንኑ አሳብ ደጋግመው ተናግረዋል። ሕጉን በወረቀት ላይ መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ ወረቀቱን በእጁ የያዘው ሰው የእኅቱ ልጅ በደጁ ቆሞ በሚያይበት ቀን ሕጉን መጠበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

እንግዲህ አድማጮቻችን ሆይ፥ ዘመዶቻችሁን ውደዱ፤ በቤታችሁ አብሉአቸው፥ በኪሳችሁ ገንዘብ እርዱአቸው፥ ልጆቻቸውን አስተምሩላቸው። ይህን የሚከለክል ሕግ በየትም አገር የለም። የሕዝቡን ወንበር በያዛችሁ ጊዜ ግን፥ ማስታወቂያ አንብቦ፥ ማመልከቻውን ጽፎ፥ ልብሱን አጥቦ፥ ማንንም ሳያውቅ በደጃችሁ ተቀምጦ የሚጠባበቀውን ሰው አስታውሱ። እርሱም የአንድ እናት ልጅ ነው።